አስፕሪንና የሴቶች የሳንባ ካንሰር፦ የአንድ ተስፋ ታሪክ

በብቸናና በሞጣ ገጠር፣ እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ፣ እንጀራ የሚጋገረው በአብዛኛው በእንጨትና በኩበት ነው። ጭሱን ዕድሜ ልኳን የምትስበው እናት ለራስ ምታቷ አስፕሪን ትወስዳለች። ይኸው ኪኒን ሳንባዋን ከካንሰር ይጠብቅላት ይሆን?

የአስፕሪን ታሪክ በወንዝ ዳር ከሚበቅለው አኻያ ይጀምራል። እንግሊዛዊው ቄስ ኤድዋርድ ስቶን የአኻያ ልጥ ትኩሳትን እንደሚያበርድ በ1763 እ.ኤ.አ. አስታወቀ። በ1897 ፌሊክስ ሆፍማን በባየር ኩባንያ አሴቲልሳሊሲሊክ አሲድን በንጹሕ መልኩ አዘጋጀ። በ1971 ጆን ቬን መድኃኒቱ የፕሮስታግላንዲንን መመረት እንደሚገታ አሳየ። ፕሮስታግላንዲን ዕጢን ሊያሳድግ ስለሚችል፣ ካንሰርን የመከላከል ተስፋ በዚህ ተጠናከረ።

በ2002 የወጣ የኒው ዮርክ የምልከታ ጥናት አስፕሪን በሚያዘወትሩ ሴቶች ዘንድ አንዱ የሳንባ ካንሰር ዓይነት አንሶ መታየቱን ገለጸ። በ2005 ግን 39,876 የጤና ባለሙያ ሴቶች በዕጣ ተመድበው 100 ሚሊግራም አስፕሪን ወይም አስመሳይ ኪኒን ቀን እየዘለሉ ለ10 ዓመት ያህል የወሰዱበት ጥናት ወጣ። ጠቅላላው ካንሰር አልቀነሰም፤ ለሳንባ ብቻ ጭላንጭል ታየ። የ2013ቱ ረጅም ክትትል እርሱንም አላጸናም። የአንጀት ካንሰር ቢቀንስም የጨጓራ ቁስለትና መድማት በዝቶ ተገኝቷል።

ስለዚህ አስፕሪንን ለሳንባ ካንሰር መከላከያ ብለን አንዘዝ። ይልቁንም እናቲቱን ስለ ጨጓራዋ፣ ስለ ማድቤቷና ስለ ጭሱ እንጠይቃት፤ ጭስ መውጫ እንድታበጅም እንምከራት።