ማሊንዲና ዋታሙ

ማሊንዲና ዋታሙ በኬንያ ኪሊፊ ካውንቲ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር የሚገኙ ጎረቤታም የመዝናኛ ከተሞች ናቸው። ማሊንዲ ከሞምባሳ በስተሰሜን ምሥራቅ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሳባኪ ወንዝ መግቢያ አጠገብ ትገኛለች፤ ዋታሙ ደግሞ ከእሷ በስተደቡብ ናት። ከሞያሌዋ ሄሉ የሚነሳ መንገደኛ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አድርጎ ናይሮቢ ይገባል፤ ከዚያም በአውቶቡስ ወይም እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ በጀመረው ባቡር ሞምባሳ ወርዶ የባሕሩን ዳር ይዞ ወደ ሰሜን ይጓዛል። አብዛኛው ጎብኚ የሚመጣው ለመዋኘት ነው። ይሁንና የአካባቢው ትልቁ ሀብት ያለው ከባሕሩ ፈቀቅ ብሎ በሚገኘው ጫካ ውስጥ ነው።

የሁለቱ ከተሞች ባሕር አንድ ዓይነት አይደለም። ሳባኪ ከደጋው አጥቦ ያመጣውን አፈር በዝናብ ወራት ስለሚደፋው የማሊንዲ ውሃ ይደፈርሳል። ዋታሙ ግን ከወንዙ ስለምትርቅ ውሃዋ ጥርት ያለ፣ አሸዋዋም ነጭ ነው። በሁለቱም ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ1968 የተከለሉ የባሕር ብሔራዊ ፓርኮች አሉ። ጎብኚዎች ወለሉ መስተዋት በሆነ ጀልባ ወጥተው የኮራሉን አለትና በላዩ የሚርመሰመሱትን ዓሦች ያያሉ። ለዚህ የሚመረጠው ባሕሩ የሚጎድልበት ሰዓት ነው። ከወራት ደግሞ የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ የሚነፍስበት ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ይሻላል። ኮራል በዝግታ የሚያድግ ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ በላዩ መቆም ፈጽሞ አይገባም።

ማሊንዲ ጥንታዊ የስዋሂሊ ወደብ ናት። እ.ኤ.አ. በ1415 መልእክተኞቿ ለቻይናው ንጉሠ ነገሥት ቀጭኔ አቅርበዋል። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ሞምባሳ ላይ ፊት ሲነሳ ማሊንዲ ተቀብላው ወደ ሕንድ የሚመራውን መርከበኛ ሰጠችው። በስሙ የሚጠራው ነጭ ምሰሶ ባሕሩን በሚያይ አለት ላይ ዛሬም ቆሟል። ከዚያ ብዙም የማይርቅ አነስተኛ የፖርቱጋሎች ጸሎት ቤት አለ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጣሊያኖች በብዛት ስለሰፈሩባት በገበያዋ ጣሊያንኛ መስማት የተለመደ ነው።

ጌዲ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ከዋታሙ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ በዛፎች የተዋጠ የፍርስራሽ ከተማ ሲሆን በ12ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ተመሥርቶ በ17ኛው ባዶ ቀርቷል። አርኪዮሎጂስቱ ጄምስ ኪርክማን ከ1948 ጀምሮ ባካሄደው ቁፋሮ የቻይና ሸክላና ከሩቅ አገር የመጡ ዶቃዎች ተገኝተዋል። ከባሕር ዳር ላልሆነች ከተማ ይህ የንግዷን ስፋት ያሳያል። ከኮራል ድንጋይ የተሠራው ቤተ መንግሥት፣ መቃብሮቹና ጠባብ መተላለፊያዎቹ በግልጽ ይለያሉ። የታላቁን መስጊድ አንድ በር ቀና ብሎ ያየ ሰው ከቅስቱ በላይ የጦር ጫፍ ተቀርጾ ያገኛል። ነዋሪዎቹ ለምን እንደለቀቁ ባለሙያዎች አልተስማሙም። የጉድጓዶቹ ውሃ ስለራቀ ነው የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ዚምባ የተባሉ ተዋጊዎችን ወረራ፣ ሌሎች ደግሞ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ወደ ባሕሩ ዳር መውረዳቸውን ያነሳሉ። ከእነዚህ ወገን የሆኑት ኦርማዎች አሁንም በጣና ወንዝ ዙሪያ ይኖራሉ፤ ንግግራቸውም ሞያሌ ላይ ከሚሰማው የቦረና ኦሮምኛ ጋር ቅርብ ነው። ዩኔስኮ ጌዲን በ2024 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ለግማሽ ቀን ብቻ ጊዜ ያለው ጎብኚ መዋኘቱን ትቶ ወደዚህ ቢመጣ አይቆጨውም።

አጠገቡ የተዘረጋው የአራቡኮ ሶኮኬ ደን 420 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። የሶኮኬ ጉጉት መኖሪያው ነው። የአካባቢው ገበሬዎች የቢራቢሮ ሙሽሬ አርብተው ለውጭ አገር ይሸጣሉ። ደኑ ከተመነጠረ ይህ ገቢም ስለሚቀር፣ ዛፉ ቆሞ እንዲጠቅማቸው የታሰበ ሥራ ነው። በሚዳ ሰርጥ በማንግሮቭ ዛፎች መካከል በተዘረጋ የእንጨት መሻገሪያ እየሄዱ ከሰሜን የሚመጡ ስደተኛ ወፎችን ማየት ይቻላል። ዋታሙ ላይ ደግሞ በመረብ የተያዙ የባሕር ኤሊዎችን ተቀብሎ ወደ ባሕር የሚመልስ ማዕከል አለ።

ከማሊንዲ በስተሰሜን ማራፋ ላይ ዝናብ የቦረቦረው ቀይና ነጭ ገደል ይገኛል፤ ቀለሙ የሚጎላው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። በዚያው አቅጣጫ በንጎሜኒ ዳርቻ ጣሊያኖች ባሕር ላይ የተከሉት የሳን ማርኮ መድረክ አለ። ኡሁሩ የተባለችው፣ በኤክስሬይ ሰማይን ለማጥናት ብቻ የተሠራች የመጀመሪያዋ ሳተላይት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 1970፣ በኬንያ የነፃነት በዓል ዕለት፣ የተወነጨፈችው ከዚህ ነው።