የተጻፈ ሕግ በጥንታዊት ሮማ

የሮማ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ509 ዓመት ሮማውያን ንጉሣቸውን ታርኲኒዎስን አባርረው ሥልጣኑን በየዓመቱ ለሚመረጡ ሁለት ቆንሱሎች ሰጡ። ነገር ግን ሹመቱም ዳኝነቱም በመኳንንቱ እጅ ቀረ፤ ሕጉም ስላልተጻፈ ከእነርሱ በቀር አጥርቶ የሚያውቀው አልነበረም። ባለዕዳው ድኻ በአበዳሪው ይታሰር ነበር።

በ494 ዓመት ሕዝቡ የጦር አገልግሎቱን ትቶ ቅዱስ ተራራ ወደሚባለው ኮረብታ ወጣ። መኳንንቱም ያለ ወታደር ከተማይቱ እንደማትጠበቅ አይተው፥ ለሕዝቡ ጠበቃ የሚሆኑ ትሪቡኖች እንዲመረጡ ፈቀዱ። በ451 እና በ450 ዓመት ሕጉ በዐሥራ ሁለት ሰሌዳ ተጽፎ በአደባባይ ቆመ።

በመኳንንትና በሕዝብ መካከል ጋብቻን የሚከለክል ክፉ አንቀጽ ነበረበት። በአደባባይ የተነበበ አንቀጽ ግን በአደባባይ ይሟገቱበታልና፥ በ445 ዓመት በትሪቡኑ በካኑሌዎስ ሕግ ተሻረ።