የመታሰቢያ አፈር

የመታሰቢያ አፈር በአሜሪካ ያለ ፍርድ በደቦ የተገደሉ ጥቁሮችን ለማሰብ፣ ከግድያው ስፍራ ወይም ከአቅራቢያው አፈር ዘግኖ በመስታወት ማሰሮ የማኖር የማኅበረሰብ ሥርዓት ነው። የሚያስተባብረው ጠበቃው ብራያን ስቲቨንሰን በ1989 (ዘመናቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የመሠረተው የሞንትጎመሪ፣ አላባማ ድርጅት ኢኳል ጀስቲስ ኢኒሼቲቭ ነው። ድርጅቱ ከ1877 እስከ 1950 በደቦ የተገደሉ ከ4,400 በላይ ጥቁሮችን መዝግቧል።

አመጣጥ
የአፈር ማሰባሰቡ በ2015 ገደማ እንደተጀመረ ይነገራል። ሥሩ ግን ከዚያ ይርቃል፤ ጋዜጠኛዋ አይዳ ቢ. ዌልስ በ1890ዎቹ የሟቾቹን ስምና የተሰጠውን ሰበብ እየመዘገበች ታሳትም ነበር። በዱሉት፣ ሚኒሶታ በ1920 ለተገደሉ ሦስት ወጣቶች በ2003 የቆመው ሐውልትም እንደ ቀዳሚ ሊቆጠር ይችላል።

አፈጻጸም
የሟች ዘመዶችና የአካባቢው ነዋሪዎች፣ ጥቁርም ነጭም፣ በቦታው ተሰብስበው ታሪኩ ይነገራል፤ ከዚያ እየተቀባበሉ ማሰሮውን ይሞላሉ። በላዩ ስም፣ ቦታና ቀን ይጻፋል፤ ስሙ ያልተገኘውም ማሰሮ አይነፈገውም። በሞንትጎመሪው ሌጋሲ ሙዚየም በተደረደሩት ማሰሮዎች ውስጥ ቀይ ሸክላ፣ ጥቁር መረሬና ፈዛዛ አሸዋ ጎን ለጎን ይታያሉ፤ በአንዳንዱ የሣር ሥር እንዳለ አለ። ድርጅቱ በዚያው ከተማ በ2018 የከፈተው የመታሰቢያ ስፍራ ደግሞ ከ800 በላይ የብረት ዓምዶች አሉት፤ እንዲህ ያለ ግድያ ለተፈጸመበት ለእያንዳንዱ አውራጃ አንድ።

የላግሬንጅ ይቅርታ
ከአፈሩ ሥርዓት ውጭ ቢሆንም ከዓላማው ጋር በእጅጉ የሚቀራረብ ድርጊት ነው። በ1940 በላግሬንጅ፣ ጆርጂያ ታጣቂ ነጮች ኦስቲን ካላዌይ የተባለውን ወጣት ከከተማው እስር ቤት አውጥተው ተኩሰው መንገድ ዳር ጣሉት። ዕድሜውን አንዳንዱ ምንጭ 16፣ ሌላው 18 ያደርገዋል። ማንም አልተከሰሰም። ከብዙ ዓመታት በኋላ አንዲት አረጋዊት ጥቁር በፖሊስ ጣቢያው የተሰቀለ የድሮ ፖሊሶች ፎቶ እያዩ፣ እነዚህ ወገኖቻችንን ገድለዋል ማለታቸውን አንድ ፖሊስ ሰማ፤ ወሬው ከፖሊስ አዛዡ ከሉዊስ ደክማር ጆሮ ደረሰ። ነጩ አዛዥ ጉዳዩን አጣርተው ጥር 26 ቀን 2017 በጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን፣ የሟች ዘመዶች ባሉበት፣ መሥሪያ ቤታቸው ወጣቱን ባለመጠበቁ ይቅርታ ጠየቁ። የድርጊቱ ክብደት እዚህ ላይ ነው፤ በግል ያልበደለ ሰው የመሥሪያ ቤቱን ዕዳ ተቀበለ። ይቅርታው ምን ያህል ቁስል እንደሻረ መናገር የሚችሉት ግን ቁስሉ ያለባቸው ብቻ ናቸው።

ተቃውሞ
እንዲህ ያሉ መታሰቢያዎችን የሚቃወሙም አሉ። በሚሲሲፒ በነጮች የተገደለው ጥቁር ታዳጊ የኤሜት ቲል አስከሬን ከወንዝ ወጥቶበታል በሚባለው ስፍራ የተተከለው ምልክት ተሰርቋል፤ ተተኪዎቹም በጥይት ተበሳስተዋል። በ2019 ጥይት የማይበሳው ተተክሏል።