ጎማ የሚበላው ድንጋይና መንገዳችን

ዛሬ ከሞያሌ ተነስተን ኢሲዮሎ ለመግባት አንድ ቀን ይበቃናል። አስፋልቱ ሳይመጣ ግን ሁለትና ሦስት ቀን፣ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ከዚያም በላይ ይፈጅብን ነበር። ከብት በጫነ መኪና አናት ላይ ብረቱን ሙጭጭ አድርገን ይዘን የተጓዝን ብዙዎች ነን። ሽፍታ ስለሚፈራ መኪኖቹ በእጀባ ይሄዱ ነበር። ከሁሉም የከፋው በቱርቢና በማርሳቢት መካከል ያለው ዲዳ ገልገሉ ነው፤ ጥቁር ድንጋይ የተበተነበት ሜዳ። ጎማ ይበላል፣ ባሌስትራ ይሰብራል። ስንቱን ነጋዴ አክስሯል።

ያ ድንጋይ ከየት መጣ? ማርሳቢት ራሱ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። በከተማው ዙሪያ ሰዉ «ጎፍ» የሚላቸው ሰፋፊ ጉድጓዶች ጥንት እሳት የተፋባቸው አፎች ናቸው። ከድንበሩ ማዶ፣ በሜጋ በኩል፣ ጨው የሚወጣበት ኤል ሶድም የዚያው ዘር ነው። ድንበሩ ሰውን እንጂ መሬቱን አልለየውም።

እሳተ ገሞራ ሁለት ዓይነት ነገር ትቶልናል። አንዱ ጠንካራው ጥቁር ድንጋይ ነው። ተፈጭቶ ለመንገድ ይሆናል፤ ነገር ግን መፍጫ ማሽንና ብዙ ነዳጅ ይፈልጋል። ሌላው በኢትዮጵያ «ቀይ አሽ» የሚባለው፣ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ጠጠር ነው። በአካፋ ይዛቃል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ችግሩ የሚያያይዘው ደቃቅ አፈር የለውም። እንዲሁ ሲነጠፍ ከጎማ ስር ይንከባለላል፣ ይበተናል፣ መንገዱም ወዲያው እንደ ቆርቆሮ ይሸበሸባል።

ለዚህ መላ ከተፈለገባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የአገሪቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት ከእንግሊዝ የመንገድ ምርምር ላቦራቶሪ ጋር ሆኖ ጠጠሩን አጠና፤ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ ከአለምገና ቡታጅራ በሚወስደው መንገድም የሙከራ ክፍሎች ተሠሩ። ዋናው መላ ማደባለቅ ነው። ቀይ አሹ ላይ የእሳተ ገሞራ አመድ ወይም ደቃቅ አፈር ሲጨመርበት ክፍተቱ ይሞላል። ሩሎ ሲሄድበትም ደካማው ጠጠር እየተሰባበረ ደቃቁን ራሱ ይሰጣል። ሌላው መንገድ ጥቂት ሲሚንቶ ወይም ኖራ ቀላቅሎ፣ በውሃ አርጥቦ መጠቅጠቅ ነው። ቤት የመረገ ሰው ይህን ያውቃል፤ ጭቃ ያለ ጭድ አይያዝም። የተናቀው ጠጠር እንዲህ ተደባልቆ፣ ከላይ ሬንጅ ሲለብስ መኪና እንደሚሸከም በሙከራው ታየ።

የእኛ አስፋልት ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ በ2007 ከኢሲዮሎ በኩል ተጀመረ፤ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በ2017 ገደማ ሞያሌ ላይ ተጠናቀቀ። በዲሴምበር 2020 የሁለቱ አገር መሪዎች የጋራ የድንበር ጣቢያውን እዚሁ መርቀው ከፈቱ። የምንነግደው ከብትና ቦሎቄ ግን ከአስፋልቱ ዳር አይበቅልም። ከገጠር ነው የሚመጣው፤ ወደዚያ የሚያስገባው መንገድም ዛሬም ኮረኮንች ነው። የአካባቢ ጠጠርን የማጠንከር ጥበብ ዛሬ የሚያስፈልገው እዚያ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለራሳችን እንንገር። ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ በተደረገው የመንገድ ሙከራ እንደታየው፣ በአክስል ላይ ያለው ጭነት በእጥፍ ሲጨምር በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ለ10 ቶን በተፈቀደ አክስል ላይ 12 ቶን ብንጭን ጉዳቱ እጥፍ ነው ማለት ነው። ስንጥቅ ከተከፈተ ውሃ ይገባል፤ ውሃ ከገባ ከስር ያለው ጠጠር ይላላል። ያን ጊዜ ትርፍ ብለን የጫንነው በጎማና በባሌስትራ ይወጣል። የዲዳ ገልገሉን ዘመን ያየን እኛ ነን፤ ልጆቻችን እንዳያዩት መጠበቅም የእኛ ፈንታ ነው።