የክረምት ደብተር፦ የኮሌጅ ተማሪ የትርፍ ጊዜ ታሪክ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ለሚ

ሰኔ አልቆ ግቢው ሲዘጋ፣ እኛ የሰሜን ሸዋ ልጆች ሻንጣችንን ሸክፈን በጎጃም መንገድ እንወጣለን። ሙከጡሪ ላይ ዋናውን መንገድ ትተን ወደ ቀኝ ስንታጠፍ አገራችን የገባን ያህል ነው። ያ መንገድ ሜዳ ለሜዳ ሄዶ ለሚ ያደርሳል፤ ከለሚ በኋላ ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ ወደ መርሐ ቤቴ፣ ወደ ዓለም ከተማ ይወጣል። ለሚ አፋፉ ላይ ያለች ከተማ ነች፤ የእንሳሮ ወረዳ መቀመጫ።

ተማሪ አገሩ ሲገባ «ዕረፍት ላይ ነኝ» ቢል ማንም አይሰማውም። ሐምሌና ነሐሴ ጤፍ የሚዘራበትና አረም የሚታረምበት ወቅት ነው። አንድ ክረምት ከአያቴ ጋር ስናርም፣ ቀና ብሎ ከፊታችን ያለውን ማሳ ሁሉ በየስሙ ይጠራልኝ ጀመር። ይኼኛው ለምን እንዲህ ተባለ፣ ያኛው ወሰን ማንና ማን ተሟግተውበት በማን ሽምግልና አለቀ፣ ከዚያ ማዶ ያለው ጉብታ ስሙን ከየት አገኘ፤ አንዱንም ሳይዘል ነገረኝ። «እሺ አባባ፣ እሺ» እያልኩ አረሜን ቀጠልኩ። በዓመቱ ስመለስ አያቴ የለም። ደብተርማ ነበረኝ፤ ሻንጣዬ ውስጥ ተቀምጦ ነበር እንጂ።

ይህን የማነሳው የግል ጸጸቴን ለማስነበብ አይደለም። የማኅበራችን መጽሔት ስለ ተማሪ የትርፍ ጊዜ አንድ ነገር ጻፍ ሲለኝ ቀድሞ ትዝ ያለኝ ይህ ስለሆነ ነው። ደግሞም ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ደብተሩን ከሻንጣው ለማውጣት ያወቁ እንደነበሩ ቆይቼ ሳውቅ፣ ታሪካቸው ለዛሬ ተማሪም ለዛሬ መምህርም ይበጃል ብዬ ስላሰብኩ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ሲከፈት ተማሪዎቹ ከመቶ በታች ነበሩ። መሪው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲዬን ማት ነበሩ። ተማሪዎቹ አዳሪዎች ናቸው፤ ምግቡም መኝታውም ከመንግሥት ነው። ለእንጀራ ሮጦ ማደር የለባቸውም። ከሰዓት በኋላ ክፍል ሲያልቅ፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ክረምትም ሲመጣ በእጃቸው የሚቀር ጊዜ ነበራቸው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጊዜ ያለው ወጣት በአገሪቱ ስንት ነበር? የገበሬ ልጅ የለውም፣ የወታደር ልጅ የለውም፣ የነጋዴ ሠራተኛም የለውም። የትርፍ ጊዜያቸው ራሱ አንድ ዓይነት ብርቅ ሀብት ነበር ማለት ይቻላል።

ታዲያ ምን ሠሩበት? አንዱ ክርክር ነው። የተማሪዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ ምርጫ፣ ስብሰባና ሙግት ለመዱ። በ1951 ዓ.ም. አካባቢ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝተው የመጡ ተማሪዎች ሲቀላቀሏቸው፣ የክርክሩ መድረክ ሰፋ፤ ስለ ቅኝ አገዛዝና ስለ ነፃነት የሚያወራ የእድሜ እኩያ መኝታ ክፍላቸው ድረስ መጣላቸው። ሁለተኛው ጋዜጣ ነው። «ኒውስ ኤንድ ቪውስ» የሚባለውን ጋዜጣ ራሳቸው ጽፈው፣ ራሳቸው አርመው ያወጡ ነበር። ሦስተኛው ግጥም ነው። በየዓመቱ በሚከበረው የኮሌጅ ቀን ተማሪዎች በግጥም ይወዳደራሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሳይቀሩ የሚገኙበት በዓል ነበር። የታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የተሰማው በዚሁ መድረክ ነው። በትርፍ ጊዜ የተገጠመ ግጥም የአገር መነጋገሪያ ለመሆን በቃ።

እነዚህን ሦስቱን ብዙዎቻችን እናውቃቸዋለን፤ የተማሪው ንቅናቄ ታሪክ በተነገረ ቁጥር ይነሣሉ። አራተኛው ግን እምብዛም አይነሣም። እሱም የኢትኖሎጂ ማኅበሩ ነው።

በኮሌጁ ውስጥ ተማሪዎችና መምህራን ሆነው አንድ የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው ነበር። ከጀርባው ሆነው ካበረቱት ሰዎች አንዱ የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ሓላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ ናቸው። የማኅበሩ አሠራር ቀላል ነው። ተማሪው ስለሚያውቀው አገር፣ ስለ ወገኖቹ ልማድ፣ ስለ ሠርጉ፣ ስለ ልቅሶው፣ ስለ ሥራው ጠይቆ ይጽፋል። የተጻፈው ተሰብስቦ በማኅበሩ ቡለቲን ይወጣል። ቡለቲኑ ከ1945 እስከ 1953 ዓ.ም. ድረስ ታትሟል።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በኋላ በሥነ ጽሑፍ ሐያሲነታቸው የምናውቃቸው አስፋው ዳምጤ በ1950 ዓ.ም. በዚሁ ቡለቲን ላይ ስለ ዕቁብ ጽፈዋል። ዕቁብን ማን የማያውቅ አለ? እናቶቻችን በየሳምንቱ የሚጥሉት፣ ነጋዴው ሱቁን የሚያሰፋበት፣ ዕጣ የሚወጣበት ነገር ነው። ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም አይጽፈውም። አንድ ተማሪ ግን ቁጭ ብሎ ዕቁብ እንዴት ይመሠረታል፣ ማን ይዳኛል፣ ዕጣው እንዴት ነው የሚወጣው ብሎ በወረቀት ሲያሰፍረው፣ ተራው ነገር የጥናት ርእስ ሆነ። ስለ ዕቁብ የሚያጠና ሰው ዛሬም ያንን ጽሑፍ ይጠቅሳል። የክፍል ፈተና ወረቀት ግን ከዚያ ዘመን የተረፈ ስንት አለ?

ሥራው በማኅበሩ ብቻ አልቀረም። ታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅና የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ሲሰጥ፣ ስድስት ኪሎ አዲስ ቤት አገኘ። በዓመቱ፣ በ1955 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ሲሆኑ፣ ሆይናትስኪ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ያዙ። ዛሬ እንግዳ ይዘን የምንጎበኘው የስድስት ኪሎ ሙዚየም አንዱ ሥሩ አራት ኪሎ ላይ ነው፤ ተማሪው ከአገሩ ይዞት በሚመጣው ወሬና ዕቃ ላይ።

የቡለቲኑ ዕትሞችም ጠፍተው አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሉላ ፓንክረስት አዘጋጅነት ተሰብስበው እንደገና ታትመዋል። አርባና ሃምሳ ዓመት ቆይቶ እንደገና መታተም የሚገባው የተማሪ ጽሑፍ ብዙ አይደለም።

ነገሩን ሳያጋንኑ ለማየት ግን ሁለት ጉድለቶችን ማንሣት ይገባል። አንደኛው ቋንቋው ነው። ቡለቲኑ የታተመው በእንግሊዝኛ ነው። ስለ ሠርጋቸው የተናገሩት እናት፣ ስለ ወሰናቸው ያስረዱት ሽማግሌ የተጻፈላቸውን ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ልጃቸውም ቢሆን ተርጉሞ ካላነበበላቸው በስተቀር። ዕውቀቱ ከመንደር ወጣ፣ ወደ መንደር ግን አልተመለሰም። ሁለተኛው የትርፍ ጊዜው ከየት እንደመጣ ነው። አዳሪነቱ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲቀር፣ ተማሪው ቤት ኪራይና ምሳ ማሰብ ጀመረ። ጊዜ ያለ ገንዘብ አይገኝም እኮ። ዛሬ «ተማሪው በትርፍ ጊዜው ምንም አይሠራም» ብለን ስንወቅስ፣ ተማሪው በከሰዓቱ ማስጠናት ይዞ፣ ቅዳሜውን ሱቅ ተቀጥሮ እንደሚውል እንረሳለን። የለሚው ልጅማ ክረምቱ ሙሉ የቤተሰቡ ጉልበት ነው።

ከዚያ በኋላ መንግሥትና ዩኒቨርሲቲው የተማሪውን ጊዜ ራሳቸው ማደራጀት ጀመሩ። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ። ተማሪው ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ፣ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይሄዳል፤ አብዛኛው ያስተምራል። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የእድገት በሕብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተከፈተ፤ ወደ 60,000 ገደማ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ዘመተ። ሁለቱም ለአገር የሠሩት ብዙ ነው፤ ያስተማሯቸው ሰዎች ምስክር ናቸው። ነገር ግን ዓላማቸው ማስተማር ነበር። ተማሪው አስተማሪ ሆኖ ነው የሄደው። የኢትኖሎጂ ማኅበሩ ልጆች ግን ጠያቂ ሆነው ነው የሄዱት። ለእኔ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ማስተማሩ ገበሬው የሌለውን ይሰጠዋል፣ መጠየቁ ገበሬው ያለውን ያከብርለታል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ሁለተኛውን ግን ረስተነዋል።

መጠየቅ ትልቅ ባጀት አይፈልግም። የአየርላንድን ታሪክ እዩ። እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1939 ድረስ የአገሪቱ የፎክሎር ኮሚሽን ከመምህራን ጋር ተስማምቶ፣ 5,000 በሚሆኑ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያሉ ሕፃናትን ደብተር አስይዞ ወደ አያቶቻቸው ሰደደ። ስለ አገር መድኃኒት፣ ስለ በዓላት፣ ስለ ቦታ ስም፣ ስለ ሙት መንፈስ ወሬ እየጠየቁ ጻፉ። የተሰበሰበው በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ገጽ ነው፤ ዛሬ ማንም ሰው ባለበት ሆኖ በኮምፒውተር ያነበዋል። የሠሩት ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ አራት ዓመት የሆናቸው ልጆች ናቸው። ሕፃን የቻለውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንዴት ያቅተዋል?

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ጎረቤታችን መንዝ በአንድ ነገር ዕድለኛ ነው። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ መጀመሪያ መንዝ ገብቶ፣ ከሰው ጋር ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። መንዝ የራሱን ሌቪን አገኘ። ሌላው ወረዳ ግን ሌቪን እስኪመጣለት መጠበቅ የለበትም፤ በየዓመቱ ክረምት የሚገቡ የራሱ ልጆች አሉት።

ነገሩ ደግሞ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። መስከረም 2017 ዓ.ም. የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቆ ሥራ ጀምሯል። ፋብሪካው ለአገር ያስፈልጋል፤ ሥራም ይዞ መጥቷል፤ እሱን የሚከራከር የለም። ነገር ግን ፋብሪካ የሚተከልበት፣ ድንጋይ የሚወጣበት፣ መንገድ የሚሰፋበት መሬት ሁሉ ትናንት ስም ያለው ማሳ፣ ጉብታና ግጦሽ ነበር። መሬቱ መልኩን ሲቀይር ስሙ አብሮ ይሄዳል፤ ስሙን የሚያውቀው ሽማግሌም ዕድሜው ይገፋል። በካርታ ላይ የሚቀረው የቦታ ቁጥር ነው። አያቴ የጠሩልኝ ስሞች ስንቶቹ እንደቀሩ ዛሬ ብጠየቅ፣ ሦስት ወይም አራት ቢሆኑ ነው የማስታውሰው።

ስለዚህ ለዘንድሮው ጉባኤያችን አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ጥቃቅኑን አብረን እንጨምርበት።

ተማሪው ክረምት አገሩ ሲገባ፣ ትምህርት ክፍሉ አንድ ደብተርና አምስት ጥያቄ ይስጠው። ጥያቄዎቹ ቀላል ይሁኑ። በመንደርህ ያሉ የማሳና የወንዝ ስሞች እነማን ናቸው፣ ለምንስ እንዲህ ተባሉ? ጠብ ሲነሣ በማን ፊት፣ በምን ሥርዓት ይታረቃል? ደቦ እንዴት ይጠራል፣ ማን ምን ይዞ ይመጣል? ድሮ ይዘራ የነበረና ዛሬ የቀረ እህል ምንድን ነው? የዕድሩና የማኅበሩ ደንብ ምን ይላል? ተማሪው ለዚህ ከሥራ መቅረት የለበትም። አረም ሲታረም፣ ቡና ሲፈላ፣ ከገበያ ሲመለሱ የሚጠየቅ ነው። ማታ ኩራዝ ወይም አምፖል ሥር ተቀምጦ አንድ ገጽ መጻፍ ነው የሚበቃው። ተናጋሪው ስሙ እንዲጻፍ ይፈልግ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ አልፈልግም ካለም ይከበርለት።

የድሮዎቹን ጉድለት እንዳንደግም ደግሞ፣ ጽሑፉ ሰውየው በሚናገርበት ቋንቋ ይሁን፤ በአማርኛ የተነገረ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ የተነገረ በኦሮምኛ። ቅጂውም ሁለት ይሁን። አንዱ ለትምህርት ክፍሉ፣ ሌላው በዚያው ቀበሌ ላለው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት። የተናገሩት እናት የልጅ ልጃቸው ቢያንስ እንዲያነብላቸው።

እኛ የቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ የምንችለውን እናድርግ። የደብተሩና የቅጂው ወጪ ለማኅበራችን ከባድ አይደለም። በየዓመቱ ከሚመጡት ደብተሮች ጥሩ ጥሩውን መርጠን በዚሁ መጽሔት ልናወጣ እንችላለን። መምህራኑም ቢሆኑ ለሥራው ጥቂት ነጥብ ቢሰጡበት ተማሪው ይበልጥ ይተጋል፤ ይህን የምለው ተማሪ ስለነበርኩ ነው።

እኔም በበኩሌ የሚቀጥለው ሐምሌ ለሚ እገባለሁ። አያቴ የሉም፤ ታናሽ እህታቸው ግን አሉ፤ ማዶ ያለውን ጉብታ ስም እሳቸውም ያውቁታል ተብያለሁ። በዚህ ጊዜ ደብተሩን ከሻንጣ አስቀድሜ አወጣለሁ።