የማረጋጊያ መድኃኒትን በማቋረጥ ሂደት የአመጋገብና የፕሮባዮቲክ ሚና

ዳያዜፓምን የመሳሰሉ የማረጋጊያና የእንቅልፍ መድኃኒቶችን ለሳምንታት ወይም ለወራት የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቋርጥ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀትና መንቀጥቀጥ፣ አልፎ አልፎም ለሕይወት የሚያሰጋ መንፈራገጥ ሊያጋጥመው ይችላል። ስለሆነም መጠኑ የሚቀነሰው በሐኪም ክትትል፣ ደረጃ በደረጃ ነው፤ ብዙ ጊዜ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ። ይህን የሚተካ ምግብም ሆነ ማሟያ የለም።

ፕሮባዮቲክ በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለጤና የሚጠቅሙ ሕያው ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። አንጀትና አንጎል በነርቭና በኬሚካላዊ መልእክት ስለሚገናኙ ተስፋ ተጥሎባቸዋል፤ ሆኖም ከማረጋጊያ መድኃኒት ማገገምን እንደሚያፋጥኑ አልተረጋገጠም። እንጀራ ከቦካ ሊጥ ቢጋገርም ተሕዋስያኑ በምጣዱ ሙቀት ስለሚሞቱ የፕሮባዮቲክ ምንጭ አይሆንም። እርጎ የሚስማማው ሰው ሊመገብ ይችላል፤ ካልፈላ ወተት የተዘጋጀው ግን ለብሩሴሎሲስ ሊያጋልጥ ይችላል። የበሽታ መከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች የፕሮባዮቲክ እንክብል ሐኪም ሳያማክሩ ሊወስዱ አይገባም።

ከእርጎው ይልቅ ትኩረት የሚሹት ቡናና ጫት ናቸው፤ ሁለቱም እንቅልፍ ያውካሉ፣ ጭንቀትም ያባብሳሉ። አረቄ፣ ጠጅና ቢራ ከመድኃኒቱ ጋር ሲደረቡ ትንፋሽን እስከ ማዳከም ይደርሳሉ። ምግብ በመዝለል የሚመጣ መንቀጥቀጥ ከመድኃኒቱ መቀነስ ምልክት ጋር ሊምታታ ይችላል። በጾም ወቅት መድኃኒቱ የሚወሰድበት ሰዓት የሚለወጥ ከሆነ ለሐኪም አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል። መንፈራገጥ ወይም የአእምሮ መደናገር የታየበት ሰው ሳይዘገይ ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት።