ብሉቱዝ ሎው ኢነርጂ፦ መሣሪያን ፈልጎ ማግኘትና መገናኘት

ብሉቱዝ ሎው ኢነርጂ በአነስተኛ ኃይል ጥቂት መረጃ የሚያስተላልፍ የአጭር ርቀት የሬዲዮ ቴክኖሎጂ ነው። መነሻው ኖኪያ በ2006 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዋይብሪ ሲሆን፣ በ2010 የብሉቱዝ 4.0 መስፈርት አካል ሆነ። አይፎን 4ኤስ በ2011፣ አንድሮይድ 4.3 ደግሞ በ2013 ደግፈውታል። የልብ ምት መለኪያዎችና ስማርት ሰዓቶች ከስልክ ጋር የሚገናኙት በዚህ ነው።

ፍለጋ፦ ቴክኖሎጂው በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ላይ 40 ቻናሎች አሉት። መሣሪያው ከእነዚህ በ3ቱ (37፣ 38 እና 39) ስሙን ወይም የአገልግሎቱን መለያ የያዘ አጭር መልእክት ደጋግሞ ያሰራጫል፤ በቀድሞው ቅርጽ የመልእክቱ ይዘት ከ31 ባይት አይበልጥም። የስልኩ መተግበሪያ እያዳመጠ በአገልግሎት መለያው ያጣራል። ማዳመጥ ባትሪ ስለሚጨርስ፣ የተፈለገው እንደተገኘ ፍለጋው ይቆማል። ከአንድሮይድ 7 ወዲህ በ30 ሰከንድ ውስጥ ፍለጋን ከ5 ጊዜ በላይ የሚጀምር መተግበሪያ ውጤት አያገኝም።

ግንኙነት፦ ስልኩ የግንኙነት ጥያቄ ልኮ ማዕከል ይሆናል። ቀጥሎ የመሣሪያውን አገልግሎቶችና በሥራቸው ያሉትን የመረጃ መስኮች ይዘረዝራል። መስኮቹ እንደየዓይነታቸው ይነበባሉ፣ ይጻፍባቸዋል፣ ወይም ለውጥ ሲኖር ራሳቸው ያሳውቃሉ። ስልኩና መሣሪያው በሚበልጥ መጠን ካልተስማሙ በቀር፣ አንድ ማሳወቂያ የሚይዘው እስከ 20 ባይት ነው።

ፈቃድ፦ ከአንድሮይድ 6 እስከ 11 ለፍለጋ የአካባቢ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ራሱን የቻለ የብሉቱዝ ፍለጋ ፈቃድ አለ። አይፎን የመሣሪያውን ትክክለኛ አድራሻ ሰውሮ፣ በራሱ የፈጠረውን መለያ ለመተግበሪያው ይሰጣል።